«አንተ»፣ «አንቺ» እና ጾታ የሌለው ፍቅር፦ የታይላንድ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ተከታታይ ድራማዎች እውናዊነትና የገጸ ባሕርያት አሣሣል ከቱነይድባ ሲታይ

1. መነሻ

ቱነይድባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ጥር ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቹ ከሐምዳይትና መንደር 8 ከሚባሉት የድንበር ማቆያዎች የተዛወሩ፣ በአብዛኛው ከምዕራብ ትግራይ የመጡ ሰዎች ናቸው። አካባቢው የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። አፈሩ መረሬ በመሆኑ ክረምት ሲገባ እግርን ይዞ አይለቅም። እንዲህ ባለው ወቅት ሰው ከዳሱ ስለማይወጣ ወሬና ተረት ይበዛል፤ ስልክ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ፊልም ይታያል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ለሌላ ጥናት ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ ያየሁት አንድ ነገር ይህን ጽሑፍ አስጀመረኝ። አንዲት ወጣት በስልኳ የተጫነ የታይላንድ ተከታታይ ድራማ እያየች ለቤተ ሰዎቿ ትተርክ ነበር። ምልልሱ ታይኛ፣ ከሥር የተጻፈው ትርጉም ዐረብኛ ነው። የቤቱ ቋንቋ ትግርኛ ቢሆንም እንግዳ ስለነበርኩ ትረካው ወደ አማርኛ ዞሮ ነበር። ከሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ ለሌላው የልቡን የሚናገርበት ትዕይንት ሲደርስ ተራኪዋ «እወድሻለሁ አላት» አለች። በስክሪኑ ላይ ያሉት ግን ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው።

በመጀመሪያ ማስታወሻዬ ላይ «የጾታ ስሕተት» ብዬ መዘገብኩት። ስሕተት አለመሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ተራኪዋ የቋንቋዋ ሥርዐት ምረጪ ሲላት መምረጧ ነበር። ምርጫውም አንድን ገጸ ባሕርይ ከመሠረቱ ለወጠው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምርጫ ተነሥቶ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ገጸ ባሕርይ የሚሣለው በምንድን ነው? ድራማዎቹ እውናዊ ናቸው ወይም አይደሉም የምንለውስ በምን መለኪያ ነው? የምሰጠው መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ የዘውጉ ጥሩ ሥራዎች ሰውን የሚሥሉት በመጥሪያ ነው፤ ደካሞቹም የሚወድቁት መጥሪያው በደረቀበት ቦታ ነው።

2. ስለ ዘውጉ

የዘውጉ ሥር ከጃፓን ይመጣል። በዚያ አገር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶች ደራስያን ለሴቶች አንባብያን ስለ ወንዶች የርስ በርስ ፍቅር የሥዕል ልቦለዶችን ይጽፉ ነበር። ይህ ልማድ ወደ ታይላንድ ተሻግሮ በኢንተርኔት በክፍል በክፍል የሚታተም ልቦለድ ሆነ፤ ከልቦለድም ወደ ቴሌቪዥን ገባ። ከዚያ በፊት በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው «የሲያም ፍቅር» የተሰኘው ፊልም የሁለት ወጣት ወንዶችን ፍቅር ወደ ብዙኃን ተመልካች አምጥቶ ነበር። በቴሌቪዥን በኩል መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው በ2014 እ.ኤ.አ. የታየው «ላቭ ሲክ» ነው። በ2016 «ሶተስ»፣ በ2019 «ታርንታይፕ»፣ በ2020 «ቱጌዘር» ተከተሉ። ይህ የመጨረሻው ዓለም በወረርሽኝ ምክንያት በየቤቱ ተዘግቶ በነበረበት ወቅት በመውጣቱ ዘውጉን ከእስያ ውጭ ያስተዋወቀ ሥራ ሆነ።

የዘውጉ አመጣጥ ለትችታችን ጠቃሚ ነው። ከጃፓኑ ልማድ የተወረሰው ዋናው ነገር የሚና ክፍፍል ነው፤ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ቀዳሚ፣ ሌላው ተቀባይ ሆኖ አስቀድሞ ይመደባል። ገጸ ባሕርይ ከመናገሩ በፊት ሚና ተሰጥቶታል ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሥራ ፈተና ይህ የተወረሰ ሚና የሚናገር ሰው መሆን ቻለ ወይስ ሚና ሆኖ ቀረ የሚለው ነው።

ስለ ስያሜ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። በአማርኛ ለጉዳዩ የተለመደው ስያሜ «ግብረ ሰዶም» ነው። ከግእዝ የተዋቀረ፣ የከተማ ስምን የድርጊት መጠሪያ ያደረገ ጥምር ቃል ሲሆን፣ ድርጊትን እንጂ ስሜትን አይሰይምም፤ ፍርዱንም በውስጡ ይዞ ይመጣል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ያስቀጣል። በሱዳንም ሕጉ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል የሞት ቅጣቱ ተነሣ እንጂ ክልከላው አልቀረም። በታይላንድ በአንጻሩ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የፈቀደው ሕግ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። የሥነ ልሳን ሰው ስለ አንድ ድርሰት ሲጽፍ ፍርዱን ከቃሉ ጋር ይዞ ከገባ የሚመረምረው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር» የሚለውን ገላጭ ሐረግ እጠቀማለሁ።

3. ተናጋሪውን የሚያሳይ ቋንቋ፣ አድማጩን የሚበይን ቋንቋ

የታይኛ ግሥ መደብን፣ ጾታንና ቁጥርን አያመለክትም። ባለቤቱም ተሳቢውም ከዐረፍተ ነገሩ ሊወጡ ይችላሉ። «ወደደ» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን ቆሞ ማን ማንን እንደወደደ ከሁኔታው ይታወቃል። የሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስሙ «ካው» ወንድና ሴት አይለይም። በዚህ ሁሉ ምትክ ቋንቋው እጅግ ሰፊ የመጥሪያ ሥርዐት አለው። ወንድ በትሕትና ሲናገር ራሱን «ፖም» ይላል፤ አድማጩን «ኩን» ይለዋል። የልብ ጓደኞች ወይም የሚሰዳደቡ ሰዎች «ኩ» እና «ምንግ» ይባባላሉ። ታላቅ «ፒ»፣ ታናሽ «ኖንግ» ተብሎ ይጠራል፤ እነዚህ የዝምድና ቃላት ሲሆኑ እንደ ተውላጠ ስምም ያገለግላሉ። ሰው የገዛ ቅጽል ስሙን በ«እኔ» ቦታ ሊጠቀምበትም ይችላል። በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ደግሞ የትሕትና ቃል ይገባል፤ ወንድ «ክራፕ»፣ ሴት «ካ» ትላለች።

እዚህ ላይ ለእኛ ዋናው ነጥብ ይታያል። ታይኛ ጾታን የሚያመለክተው በተናጋሪው ላይ ነው። «ፖም» እና «ክራፕ» የሚናገረው ሰው ወንድ መሆኑን ያሳያሉ፤ ስለ አድማጩ ጾታ ግን አንዳች አይሉም። አማርኛ ፍጹም ተቃራኒው ነው። «እኔ» ጾታ የለውም፤ «ሄድኩ» ያለው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። ጾታ የሚገባው ወደ ሁለተኛው መደብ ስንሻገር ነው፦ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «ሄድክ»፣ «ሄድሽ»፣ «እወድሃለሁ»፣ «እወድሻለሁ»። ታይኛ ተናጋሪውን ያሳያል፤ አማርኛ አድማጩን ይበይናል።

ሁለተኛ ልዩነት ደግሞ አለ። በአማርኛ ጾታ የሌለው መጥሪያ የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ ነው፤ «እርስዎ»፣ «አንቱ»፣ «እናንተ»። ሰው ከሰው ሲርቅ ጾታ ይጠፋል፤ ሲቀርብ ጾታ ይመጣል። ትግርኛ ይህንንም መውጫ አይሰጥም፤ በብዙ ቁጥርም «ንስኻትኩም» እና «ንስኻትክን» ብሎ ይለያል። በታይኛ ግን ሰዎች ሲቀራረቡ መጀመሪያ የሚጥሉት ነገር «ክራፕ» የተባለውን የትሕትና ቃል ነው፤ ከእሱም ጋር ጾታን የሚያመለክተው ምልክት አብሮ ይወድቃል። መቀራረብ በአንዱ ቋንቋ ጾታን ይዞ ሲመጣ፣ በሌላው ጾታን ያራግፋል። ሁለት ወንዶች ስለሚዋደዱበት ድርሰት ስንነጋገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ታይላንዳዊው ደራሲ ፍቅሩን ሲጽፍ ሰዋስው አይቃወመውም፤ አማርኛ ተርጓሚው ግን በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ይቆማል።

የዘውጉን በጣም የታወቀ አባባል በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ውጤቱ ግልጽ ይሆናል። በብዙዎቹ ድራማዎች ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ወንድ እንደማይወድ፣ የሚወደው ይህን አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ይናገራል። ተቺዎች አባባሉን ገጸ ባሕርዩን ከማንነቱ የሚያሸሽ ማምለጫ ነው ይሉታል። በታይኛ ሐሳቡ ሳይጋጭ ያልፋል፤ «ይህ ሰው» ጾታ የለውምና። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን «ወንድ አልወድም፤ የምወደው አንተን ነው» ይሆናል። «አንተን» የሚለው ቃል የመጀመሪያውን ሐረግ እዚያው ያፈርሰዋል። ታይኛው የሸፈነውን የገጸ ባሕርይ ድክመት አማርኛ ያጋልጠዋል። ትርጉም አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ትችት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

4. የደረቀ መጥሪያ

«ሶተስ» የተሰኘው ድራማ የሚካሄደው በአንድ የምሕንድስና ፋኩልቲ ነው። አርቲት አዲስ ተማሪዎችን የሚቀጣና የሚያለማምድ ሲኒየር ነው፤ ኮንግፖፕ ፍሬሽ ነው። ርእሱ ራሱ የዚህን ልማድ መርሖች፣ ማለትም ታላቅነትን፣ ሥርዐትን፣ ልማድን፣ አንድነትንና መንፈስን የሚወክሉ የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። ልማዱ በታይላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ያለና የሚያከራክር በመሆኑ ድራማው በዚህ በኩል እውናዊ ነው። ኮንግፖፕ አርቲትን ሁልጊዜ «ፒ አርቲት» ይለዋል፤ ከተፋቀሩም በኋላ ይህ አይቀየርም። እዚህ ላይ መጥሪያው ብዙ ይሠራል፤ በመጀመሪያ የሥርዐት ቃል የነበረው «ፒ» ቀስ በቀስ የፍቅር ቃል ይሆናል። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ግን ሁለት ነው። ጥሩ አሣሣል የምለው ይህን ነው።

ሆኖም በዚያው ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ኮንግፖፕ በተማሪዎች ፊት አርቲትን ሚስቱ እንደሚያደርገው ይናገራል፤ የባልና የሚስት ንብረት አንድ ነው በሚል ብልጠት የፋኩልቲውን ምልክት ለማግኘት ነው። ትዕይንቱ ያስቃል። ነገር ግን «ሚያ» የሚለው ቃል፣ ማለትም «ሚስት»፣ ዘውጉ የወረሰውን የሚና ክፍፍል ይዞ ይገባል። ከዚህ በኋላ በመጡ ብዙ ሥራዎች ቃሉ ቀልድነቱን ትቶ ደንብ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ «ሚስት» ከተባለ በኋላ የሚቀናው፣ የሚኮራው፣ የሚጠበቀውና የሚለቀሰው ሁሉ ከዚያ ቃል ይመነጫል። ተመልካቹ ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚያደርግ ከባሕርዩ ሳይሆን ከስያሜው ይተነብያል። ሴቶች በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቅፋት ወይም አጨብጫቢ ብቻ መሆናቸውም ከዚሁ ይመጣል፤ የሴት ቦታ አስቀድሞ በአንድ ወንድ ተይዟልና።

«ታርንታይፕ» ሌላ ዓይነት ድክመት ያሳያል። ታይፕ በልጅነቱ በደረሰበት ጥቃት ምክንያት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸውን ሰዎች የሚጠላ ወጣት ነው። ይህ የገጸ ባሕርይ መነሻ ከባድና እውነተኛ ነው። ሴራው ግን ቁስሉን እንደ መነሻ ከተጠቀመበት በኋላ በፍቅር ያድነዋል፤ ያውም ፈቃድ ሳይጠየቅ በተጀመረ መቀራረብ። ምክንያትና ውጤት አልተገናኙም። በቋንቋ በኩል ስናየው ታይፕ በቁጣ ይናገራል፣ በፍቅርም ይናገራል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ንግግር ግን አይሰማም። እውናዊነት የጎደለው ጥቃቱ በመጻፉ አይደለም፤ ከጥቃት ወደ እምነት የሚወስደው መንገድ ባለመጻፉ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. ጥቅምት የጀመረው «ባድ በዲ» ይህን ሁሉ አውቆ የተሠራ ነው። ፓት የምሕንድስና፣ ፕራን የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናቸው፤ ቤተ ሰቦቻቸው አጥር የሚጋሩ ጠላቶች ናቸው። የታይኛ ርእሱ «ጓደኞች ብቻ ነን፣ ጓደኛዬ» እንደማለት ሲሆን በመካከሉ «ክራፕ» አለበት። ሁለቱ እንደ ባላንጣ «ኩ» እና «ምንግ» ሲባባሉ ያደጉ ናቸው፤ ከተፋቀሩም በኋላ ይህን አይተዉም። የስድብ ተውላጠ ስም የፍቅር ተውላጠ ስም ሆኖ ይቀጥላል። ማንም «ሚስት» ለመሆን አይመደብም፤ ጉዳዩ ሲነሣ ሁለቱም ይሣሣቁበታል። በእኩዮች መካከል ያለ ፍቅር እንዲህ በእኩያ መጥሪያ ሲሣል ሚናው ይወድቅና ሰዎቹ ይቀራሉ።

5. ቦታ ያለው ንግግር

እውናዊነት የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹን ድራማዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር መተው ይቻል ነበር። ፋኩልቲ አለ እንጂ ኪራይ የለም፤ መኪና አለ እንጂ ደመወዝ የለም፤ ሕግና ሃይማኖት ከበሩ ውጭ ናቸው። ነገር ግን ሁለት ሥራዎች ከዚህ ይለያሉ፤ ሁለቱም ቋንቋን ራሱን የሴራው አካል አድርገውታል።

የመጀመሪያው በ2020 እ.ኤ.አ. በአምስት ክፍል የቀረበው፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ» የሚባለው ነው። ተራኪዋ በቱነይድባ ስታየው የነበረውም ይህን ነው። የሚካሄደው በፑኬት አሮጌ ከተማ፣ የቻይናና የአካባቢው ባህል በተዋሐደበት ሰፈር ነው። ቴህ እናቱ ኑድል በመሸጥ የምታሳድገው ልጅ ነው፤ ኦኤው የመዝናኛ ሆቴል ካላቸው ቤተ ሰቦች የተወለደ ነው። በልጅነታቸው ጓደኞች ነበሩ፤ በአንድ ተውኔት ሚና ተፎካክረው ተኳረፉ። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቻይንኛ ሲማሩ እንደገና ይገናኛሉ፤ ቴህም ኦኤውን ያስጠናዋል። የባዕድ ቋንቋ ትምህርት በራስ ቋንቋ ያልተደፈረውን ለመናገር መሸፈኛ ይሆናል። ቴህ በኋላ ኦኤው ቦታ እንዲያገኝ የራሱን የመግቢያ ዕድል ሲተው የእናቱን ላብ ጭምር ነው የተወው፤ ፍቅር ዋጋ የሚያስከፍለው በገንዘብና በቤተ ሰብ ተስፋ ነው። የታይኛ ርእሱን ቃል በቃል ብንመልሰው «ፍቅሬን በልብህ ተርጉመው» ይሆናል። እዚህም አማርኛ ያስገድደኛል፤ በታይኛው ያለው «ተኧ» ወንድና ሴት አይለይምና «በልብሽ ተርጉሚው» ብልም ሰዋስዋዊ ስሕተት የለውም። ስለ ትርጉም የተሰየመ ሥራ ርእሱን እንኳ ያለ ውሳኔ መተርጎም አይቻልም።

ሁለተኛው በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሙንላይት ቺክን» ነው። ቦታው ፓታያ ነው፤ ጂም የዶሮ ሩዝ የሚሸጥባት ትንሽ ምግብ ቤት አለችው። ጎልማሳ ነው፣ ይደክመዋል፣ የቤቱ ወጪ ያስጨንቀዋል፤ የሚያሳድገው የእህቱ ልጅ ሊ ሚንግ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያልማል። የፋኩልቲው ዓለም እዚህ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ሊ ሚንግ ሃርት ከተባለ፣ መስማት ከተሳነው ልጅ ጋር ይቀራረባል። የሃርት ወላጆች ልጃቸውን በቤት ውስጥ ይጠብቁታል እንጂ በቋንቋው አያናግሩትም። ሊ ሚንግ የታይ ምልክት ቋንቋ መማር ይጀምራል፤ ሲማር ይሳሳታል፣ ይዘገያል፣ ይደግማል። በዚህ ሥራ ውስጥ ፍቅር ማለት የሌላውን ሰው ቋንቋ ለመማር ጊዜ መስጠት ነው። ወላጆቹ የሚጎድላቸው መውደድ አይደለም፤ ይህን ጊዜ አለመስጠታቸው ነው። የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ጉዳይና የምልክት ቋንቋ ጉዳይ በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ፦ ሰው በገዛ ቤቱ የሚናገረው ሲያጣ ማን ያናግረዋል? የዘውጉ እውናዊነት ከፍ ብሎ የታየኝ በዚህ ሥራ ነው።

6. ወደ አማርኛ መመለስ

በአማርኛ የውጭ ድራማ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ወደ ቤታችን ገብተዋል። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች በጊዜው ያነሡት ተቃውሞ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ ባህል ነበር። የቋንቋው ጥያቄ ግን ራሱን የቻለ ነው። የታይላንዱ ዘውግ በዚህ መንገድ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ በቱነይድባ እንዳየሁት ግን በቃል ትረካ መጥቷል። ስለዚህ ጥያቄው መላ ምት አይደለም።

«ፒ»ን እንውሰድ። «ጋሼ» ዕድሜን ያበዛል፤ በሁለት ዓመት የሚበልጥን ተማሪ «ጋሼ» ማለት ማላገጥ ይመስላል። «ወንድሜ» ታላቅና ታናሽን አይለይም። ተራኪዋ ሌላ ቦታ ላይ «ኣያ» አለች፤ የትግርኛ የታላቅ ወንድም መጥሪያ ነው፣ ለ«ፒ»ም የቀረበ ነው። አማርኛም «አያ» ነበረው፤ ለብዙዎቻችን ግን በልጆች ተረት ከ«አያ ጅቦ» ጋር ቀርቷል። በድንበር ላይ ያለች ተናጋሪ ከሁለት ቋንቋ የምትመርጥበት ዕድል ስላላት፣ በአንድ ቋንቋ ለሚሠራ ተርጓሚ የጠፋውን ቃል አገኘችው። እንዲህ ያለው አፍ ለጥናታችን ድክመት ተደርጎ መታየት የለበትም።

«አንቺ» ግን የበለጠ አሳሳቢ ነው። በአማርኛ ጓደኛሞች ወንዶች ለቀልድ ወይም ለንቀት «አንቺ» ይባባላሉ፤ ትንሽ ወንድ ልጅን በፍቅር «አንቺ» የሚል አለ፤ ወጣት ሴቶችም «አንተ» ይባባላሉ። የጾታ ቅጥያ ከሥጋዊ ጾታ ውጭ ለማቅረብ፣ ለማሳነስና ለማቆላመጥ ያገለግላል። ተርጓሚ ይህን ልማድ ተመርኩዞ ከሁለቱ ወንዶች አንዱን «አንቺ» ቢለው አማርኛው ይፈስሳል። ነገር ግን ከጃፓን የተወረሰውን፣ «ባድ በዲ» የጣለውን የሚና ክፍፍል በሰዋስው በኩል መልሶ ያስገባዋል። «አንተ» ሲል ደግሞ ታይኛው ዝም ያለበትን ጾታ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ያውጃል። ከሁለቱ «አንተ» ይሻላል እላለሁ፤ ከተገለጸው በላይ ቢገልጥም ሐሰት አይናገርም።

ዐረብኛውም በዚህ ትረካ ድርሻ ነበረው። በዐረብኛ «ኡሒቡከ» ለወንድ፣ «ኡሒቡኪ» ለሴት ይባላል። ያለ አናባቢ ምልክት ሲጻፉ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የስክሪን ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኛው አናባቢ አይጨምርም። ጾታ የለሽ ከሆነው ታይኛ ተነሥቶ፣ ጾታን በጽሕፈቱ በሸሸገው ዐረብኛ በኩል ያለፈው ፍቅር ጾታ ያገኘው በአማርኛ፣ በአንዲት ተራኪ አንደበት ነው። በትግርኛም «እፈትወካ» ወይም «እፈትወኪ» ማለት ግድ ይሆን ነበር። ጫናው ሁሉ የወረደው የመጨረሻዋ ተናጋሪ ላይ ነው።

7. ማጠቃለያ

በተለምዶ ስለ እነዚህ ድራማዎች የሚነሣው ክርክር ሕይወትን በትክክል ያሳያሉ ወይስ የሴቶች ምኞት ናቸው የሚል ነው። በእኔ እይታ ጥያቄው በዚህ መልኩ ከቀረበ መልስ አያገኝም። እውናዊነት ከአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ በሚወጣ መጥሪያ ሊለካ ይችላል። መጥሪያው እንደ ሰዎቹ ኑሮ ከተለወጠ፣ ወይም ሳይለወጥ ትርጉሙ ከተለወጠ፣ በፊታችን ያለው ሰው ነው። መጥሪያው ሚናን ብቻ የሚደግም ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቦታውና ልብሱ ትክክል ቢሆን በፊታችን ያለው ስያሜ ነው። ይህ መለኪያ ለታይላንድ ብቻ አይደለም፤ በአማርኛ የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ባልና ሚስት፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ እናትና ልጅ እንዴት እንደሚጠራሩ ብንመረምርበት ብዙ እንማራለን።

ወደ ቱነይድባ ልመለስ። ተራኪዋ በ«እወድሻለሁ» አልቀጠለችም። ከሁለት ክፍል በኋላ ልጆቹ በባሕር ዳር የሚነጋገሩበት ትዕይንት ሲመጣ ስክሪኑን ጥቂት ተመለከተችና «ፍቅር ያዘኝ አለ» ብላ ተረጎመች። አማርኛ ይህን መንገድ አስቀምጦላት ነበር። በ«ፍቅር ያዘኝ» ውስጥ የሚይዘው ፍቅር ነው፤ የሚያዘው «እኔ» ነው፤ «አንተ»ም «አንቺ»ም የሉም። ስሜቱ ተነግሯል፤ ቋንቋውም አልተጣሰም። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚወደደው ሰው።

ጥግ ላይ ቡና ትቆላ የነበረችው አሮጊት ይህን ጉድለት ከእኔ ቀድማ ሰማችው። «ለማን ነው የሚለው?» አለች። ልጅቱ ትንሽ ቆይታ «ለጓደኛው» አለቻት። «ጓደኛ» በአማርኛ ጾታ የለውም። አሮጊቷም ሌላ አልጠየቀችም፤ ቡናዋን ማመስ ቀጠለች። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «የጾታ ስሕተት» ያልኩትን ሰርዤ «ተርጓሚ» ብዬ ጻፍኩ።